ለእናንተ ሀገር ቤት ነው፤ ለሕፃኑ ግን ውጭ ሀገር ነው

እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ጥምቀት ሲቃረብ ቦሌ ከሚያርፉ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን አይጠፋም። ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ የሚመጡ ወጣት ወላጆች በዓሉን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ይመጣሉ። ዋናው ጉዳያቸው ግን ሌላ ነው፦ ልጁን ለአያት ማሳየት።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። አያት ቪዛ ተከልክለው ይሆናል፤ ወይም ዕድሜያቸው ለረጅም በረራ አይመችም። "አንድ ጊዜ አቅፌው ልሙት" የሚል ድምፅ በዋትስአፕ ሲመጣ ማን ይጨክናል? ትኬት ይቆረጣል።

ችግሩ የሚጀምረው "ሀገር ቤት እኮ ነው የምንሄደው፣ ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?" ሲባል ነው።

የጉዞ ጤና ባለሙያዎች ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ትውልድ ሀገራቸው የሚሄዱ ሰዎችን ከሌላው ቱሪስት ለይተው ነው የሚያዩዋቸው። እንደ ወባ ላሉ በሽታዎች ከቱሪስቱ የበለጠ የተጋለጡት እነሱ ስለሆኑ ነው። ቱሪስቱ ፈርቶ ይዘጋጃል፤ ክትባቱን ይወስዳል፣ መድኃኒቱን ይይዛል። "ሀገሬ ነው" ያለው ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ይነሳል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ዘመድ ቤት ያድራል፣ የቀረበለትን ይበላል። በልጅነቱ ወባን የለመደ ሰውነት ቢኖረው እንኳ ያ አቅም ውጭ ሀገር በኖረባቸው ዓመታት ይጠፋል።

ሕፃኑ ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። ሜሪላንድ የተወለደ የአራት ወር ልጅ ለኢትዮጵያ ትንኝና ውሃ ከጀርመን ቱሪስት በምንም አይለይም። ስሙ አማርኛ ስለሆነ ትንኟ አታዝንለትም።

ስለዚህ ከትኬቱ በፊት መታወቅ ያለባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። ሕፃን ይዛችሁ የምትመጡ ብቻ ሳትሆኑ እዚህ ሆናችሁ የምትቀበሉም አንብቡት፤ ለእናንተ የሚሆን ክፍል አለው።

👉 መጀመሪያ ዕድሜውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የትኬቱን ዋጋ ነው። ከዚያ በፊት ግን "በዚያ ቀን ልጁ ስንት ወር ይሆነዋል?" ብላችሁ ቁጠሩ። ክትባት በዕድሜ ነው የሚሰጠው።

▪️ ከ2 ወር በታች፦ በኦርቶዶክስ ልማድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች። "ሀገር ቤት ወስደን እናስነሳው" የሚል ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ዋናዎቹ የመጀመሪያ ዙር ክትባቶች የሚሰጡት በ2 ወር ነው። የ40 ቀን ልጅ ማለት እንግዲህ እንደ ትክትክ ላሉ በሽታዎች ገና ምንም መከላከያ ያላገኘ ልጅ ነው። ብዙ ቤተሰብ ክርስትናውን እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አስነስቶ ድግሱን ለሌላ ጊዜ ያቆየዋል። ሥርዓቱም አይጓደልም፣ ልጁም አይጋለጥም።

▪️ ከ2 እስከ 6 ወር፦ ክትባቱ ተጀምሯል። ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ የምግብ ጣጣ የለበትም። የኩፍኝ ክትባት ግን ከ6 ወር በፊት አይሰጥም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የኩፍኝ ወረርሽኝ በተደጋጋሚ ይነሳል።

▪️ ከ6 እስከ 11 ወር፦ ሲዲሲ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ወደ ውጭ ሀገር የሚጓዝ የዚህ ዕድሜ ሕፃን አንድ የኩፍኝ ክትባት ቀደም ብሎ እንዲያገኝ ይመክራል። ቢያንስ ከጉዞው 2 ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ይሄ ክትባት ግን እንደ ተጨማሪ ነው የሚቆጠረው። ልጁ 1 ዓመት ሲሞላው መደበኛዎቹን ሁለቱን እንደገና ይጀምራል።

▪️ 9 ወርና ከዚያ በላይ፦ የቢጫ ወባ ክትባት በመደበኛነት የሚሰጠው ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መሮጥ አያዋጣም።

አንድ ነገር እንጨምር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃን እንደተወለደ የሚከተበው የቲቢ ክትባት አሜሪካ ውስጥ በመደበኛነት አይሰጥም። የአክስት ልጅ ትከሻው ላይ ምልክቷ አለች፤ እንግዳው ልጅ ግን የለውም። ቤት ውስጥ ለሳምንታት የሚያስል ሰው ካለ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

በቁጥር እንየው። ሐምሌ 1 የተወለደ ልጅ ለገና ገና 6 ወሩን እየደፈነ ነው። ለፋሲካ ግን 9 ወር አካባቢ ይደርሳል። በመሃል ያለው ልዩነት ኩፍኝና ቢጫ ወባ ነው። የሕፃናት ሐኪሙን ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ አግኙት፤ ቀኑ ካልተመቸ ለመቀየርም ጊዜ ታገኛላችሁ።

👉 ወረቀቱ

ሕፃን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። የአንድ ወር ልጅም ቢሆን። አሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የምትሰጠው ፓስፖርት 5 ዓመት ያገለግላል፤ ለማውጣት ደግሞ የሁለቱም ወላጆች ስምምነት ይጠየቃል። ጀርመን ያላችሁ፣ ድሮ ቶሎ ይወጣ የነበረው የልጆች ፓስፖርት ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ መሰጠት አቁሟል፤ አሁን መደበኛውን ፓስፖርት ነው የምታወጡት። ስለ ቪዛ ወይም በተለምዶ ቢጫ ካርድ ስለሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ኤምባሲ ስትጠይቁም "ለእኛ" ብቻ አትበሉ፤ ለሕፃኑ ምን እንደሚያስፈልግ ለይታችሁ ጠይቁ።

የእኛ ስም አወጣጥ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ፈረንጅ ሀገር እናት፣ አባትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ። እኛ ጋ ግን ልጁ በአባቱ ስም፣ እናትየው በራሷ አባት ስም ነው የምትጠራው። እናት ብቻዋን ከልጁ ጋር ስትጓዝ በፓስፖርታቸው ላይ የሚመሳሰል ስም ላይኖር ነው። የድንበር ሠራተኛው "ልጅሽ መሆኑን በምን ልወቅ?" ቢል አይፈረድበትም። የልደት የምስክር ወረቀት ኮፒ ያዙ። አንደኛው ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ የሌላኛውን የስምምነት ደብዳቤ በኖተሪ አረጋግጣችሁ ያዙ።

የጤና መድኅናችሁንም ደውላችሁ ጠይቁ። ብዙ የአሜሪካ መድኅኖች ከሀገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍሉም። ለዚህ የሚሆን የጉዞ መድኅን ለብቻው ይገዛል።

👉 በረራው

ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ሆኖ መጓዝ ይችላል። በዓለም አቀፍ በረራ ብዙ ጊዜ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለሕፃን ደኅንነቱ የተጠበቀው ቦታ ጭን ሳይሆን የራሱ መቀመጫ ላይ የታሰረ ካር ሲት መሆኑን ይናገራል። አቅሙ ያለው ያስብበት።

ፊት ለፊት ግድግዳ ያላቸው መቀመጫዎች ላይ የሚገጠም የሕፃን አልጋ አለ። ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ የክብደት ገደብም አለው። ትኬት በቆረጣችሁ ቀን ደውላችሁ አስይዙ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታ በረራው 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ የመልሱ ከዚያ ይረዝማል። ያን ሁሉ ሰዓት ሕፃን ታቅፎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ጆሮ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ቦሌ ስታርፉ የግፊቱ ለውጥ ትንሽ ነው። ጆሮ የሚፈተነው ስትመለሱ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስታርፉ ነው። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ያለጊዜው የተወለደ ወይም የልብና የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ ከሆነ ግን ስለ በረራውም ስለ አዲስ አበባ ከፍታም አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

የታለበ የእናት ጡትና የዱቄት ወተት በአሜሪካ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ውጭ ነው። ፍተሻ ላይ ለይታችሁ አሳዩ፤ በቃ።

👉 ከአዲስ አበባ ስትወጡ፦ ወባ

አዲስ አበባ ውስጥ ወባ አይተላለፍም። ግን ማን አዲስ አበባ ብቻ ይቀመጣል? "ሐዋሳ ደርሰን እንምጣ"፣ "የአባቱን ዘመዶች ባሕር ዳር እናሳየው" ይመጣል። ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700፣ አርባ ምንጭ 1,300፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሁሉም ወባ ያለባቸው ናቸው። ዋናው የወባ ወቅት ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀል መግቢያው ላይ፣ ገና መውጫው ላይ ናቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20፣ 2024 ድረስ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ 7.3 ሚሊዮን ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። "ወባ የገጠር በሽታ ነው" የሚለውም አይሠራም። ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የትንኝ ዝርያ ገብታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው ወረርሽኝ ጋር ስሟ ይነሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

▪️ ከሁሉም የሚሻለው፦ ልጁ በጣም ትንሽ ከሆነ አያት ወደ አዲስ አበባ ይምጡ። የአንድ ሰው የአውቶብስ ወይም የሀገር ውስጥ በረራ ትኬት ከሁሉም ይረክሳል።

▪️ የግድ የምትሄዱ ከሆነ፦ ለሕፃን የሚሆን የወባ መከላከያ መድኃኒት አለ። የሚታዘዘው በክብደት ነው፤ ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ ምርጫው በጣም ይጠባል። ሐኪም ሳያዝ የአዋቂ ኪኒን ቆርሶ መስጠት በፍጹም አይሞከርም።

▪️ እናት የምትውጠው መከላከያ በጡት በኩል ልጁን አይጠብቀውም። "እኔ ወስጃለሁ፣ ለእሱም ይደርሰዋል" ማለት ስህተት ነው።

▪️ አጎበር። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሕፃኑ አልጋ ላይ፣ ጋሪውም ላይ አጎበር ይኑር። ቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ አይቀባም።

👉 ውሃ፣ ወተትና ሶኬት

ከ6 ወር በታች ያለ ልጅ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ጡት የምታጠቡ፣ ለጉዞው ብላችሁ ባታቋርጡ ይሻላል። ውሃ አይፈላለትም፣ ጡጦ አይቀቀልለትም፣ መብራት ቢጠፋ አይበላሽም።

የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ የለመደውን ዓይነት ለቆይታው የሚበቃ ያህል ይዛችሁ ኑ። እዚህ ያው ዓይነት ላይገኝ ይችላል። ውሃው ላይ አንድ የአዲስ አበባ ጉዳይ አለ፦ በከፍታዋ ምክንያት እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ዱቄቱን ውሃው ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ በጥብጡት፤ ለልጁ የምትሰጡት ግን ለብ ሲል ነው።

ሶኬት፦ ከአሜሪካ የሚመጣ የጡት ማለቢያና የጡጦ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ 220 ነው። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው አዳፕተር ቮልቱን አይቀንስም፤ ዕቃው ጀርባ ላይ "100-240" የሚል ካልተጻፈ ይቃጠላል። የታለበ ጡት ፍሪጅ ከሌለ ከ4 ሰዓት በላይ አታቆዩት።

ታክሲ፦ በስልክ የምትጠሩት መኪና የሕፃን መቀመጫ ይዞ አይመጣም። ካር ሲታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በመቀመጫ ቀበቶ ብቻ እንዴት እንደሚታሰር እዚያው ሆናችሁ ተለማመዱ። አሮጌ መኪና ላይ ማያያዣው የለም።

👉 ይሄ ክፍል ለተቀባዮች ነው

እናንተ እዚህ ያላችሁ፣ ፍቅራችሁ አይጠረጠርም። ግን እነዚህን ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ንገሩልን፦

▪️ ጉንፋን የያዘው ወይም የሚያስል ሰው ለጥቂት ቀን አይቀፈው። የተቀሩትም እጅ ታጥበው ያቅፉ፤ አፉንና እጁን መሳም ይቅር፣ እግሩን ሳሙት።

▪️ ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውሃ፣ ስኳር በውሃ፣ ሁሉም ይቅር።

▪️ ሲያለቅስ "እንጥሉ ወርዷል"፣ ሲያስቀምጠው "ግግ ነው" የሚል ጎረቤት ቢመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን የሚያመጡ ጎጂ ልማዶች ናቸው።

▪️ ቡናው ይፈላ፣ ግን ሕፃኑ ሌላ ክፍል ይሁን። በታኅሣሥና በጥር የአዲስ አበባ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ "ይሙቀው" ተብሎ የከሰል ማንደጃ ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ አይገባም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ልብስ ደርቡለት።

▪️ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊት ነቅቶ ቀን ይተኛል። ከዋሽንግተን ከመጣ በክረምታቸው የ8 ሰዓት ልዩነት አለው። እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አይጠራ።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ዘዴ፦ "እማማ፣ እንዲህ አታድርጊ" ማለት ከባድ ነው፤ ሰው ይከፋል። "ሐኪሙ ከልክሎናል" በሉ። ሐኪሙ ሩቅ ስለሆነ ማንም አይጣላውም።

👉 መቼ ነው መሮጥ?

ቴርሞሜትር ይዛችሁ ኑ። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠዋት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱ አይቋረጥ፣ ኦ አር ኤስ በሐኪም ምክር ይሰጠው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ መጥባት እምቢ ካለ ወይም ከፈዘዘ አትዘግዩ።

ጉዞው ቦሌ ላይ አያበቃም። ወባ ያለበት አካባቢ ከነበራችሁ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልጁ ቢያተኩሰው ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ኢትዮጵያ ነበርን" ይሁን። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ሜሪላንድ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ጉንፋን መስሎት ይሸኛችኋል።

ይሄን ሁሉ የምንለው አትምጡ ለማለት አይደለም። ልጁን ያላዩ አያት አሉ፤ ጊዜያቸውም ረጅም አይደለም። ደኅና የሆነ ሕፃን፣ ክትባቱ ደርሶ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በእናቱ ጡት ሆኖ ቢመጣ ጉዞው ከምታስቡት ይቀላል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቀኑን ሁለት ሦስት ወር መግፋት፣ አንድ ቀን ሐኪም ጋ መቀመጥና ለዘመድ አስቀድሞ መደወል ነው። አያትም ቢሆኑ "ለልጁ ክትባት ስንል ለፋሲካ እንመጣለን" ቢባሉ ይረዳሉ።

ሕፃን ወልዶ "ለበዓል እንመጣለን" ያላችሁ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ ይሄን አሁኑኑ ላኩለት። ትኬቱን ሳይቆርጥ ቢያነበው ይሻላል።